ቢላና ዶሮ ይዤ የቆምኩበት እሁድ

ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም የሚለውን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ያወጣው ሰው ግን፣ የሰፈሩ ክርስቲያን ወንድ በሙሉ ቀብር በሄደበት እሁድ አማቱን ለምሳ ጠብቆ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ጠብቄያለሁ። በአንድ እጄ ቢላ፣ በሌላው እጄ ቁልቁል የተንጠለጠለ አውራ ዶሮ ይዤ፣ እዚህ መካነ ሰላም፣ ግቢዬ በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ስለምን ነው ያረፈድኩት። ያን ቀን ካዩኝ ሰዎች መካከል ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ “ዶሮውስ?” ብለው የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። እነሱ የማያውቁት፣ ያን ቀን ልነጠቅ የነበረው ልጄን መሆኑን ነው።

ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ኩታበር ነው፤ ወደ መካነ ሰላም ያመጣኝ ሥራ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ባለቤቴ ደረጀ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው። የሰው አገር መንገድ ሲለካ ዓመቱ ያልቅና ወደ ገዛ ቤቱ የሚያመጣው መንገድ ይጠፋዋል። ልጃችን ህሊና አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ቢሮ ስውል እሷ የምትውለው እዚያው ግቢ ውስጥ ከሚኖሩት ከእትዬ ከዲጃ ጋር ነው። ሁለት ቤት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የውጭ በር። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሳትና ውሃ፣ ወንፊትና ሙቀጫ፣ ልጅና ሐሜት ሁሉ የጋራችን ነው። ሥጋ ብቻ ለየብቻ ነው።

ዶሮም ነበረን። የእኔዎቹ አምስት ጣይና አንድ አውራ ናቸው፤ የእሳቸው ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ቀን ግቢው ውስጥ ተቀላቅለው ሲጭሩ ይውሉና ሲመሽ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት ኩሳቸውን ጠርጌ፣ ውሃቸውን ቀይሬ፣ የገብስ ግርድ በትኜላቸው ነው ቢሮ የምሄደው። አውራው ዶሮ የሰው ጠላት ነበር። ህሊናን ሁለት ጊዜ እግሯን ነቁሯታል፤ ስለዚህ እሁድ ይታረዳል ስላት “ይበለው!” ብላ አጨበጨበች።

የዚያን ጊዜዋን እኔን ለማወቅ አንድ ቃል ይበቃል። እሺ። አለቃዬ ቅዳሜ ግቢ ሲለኝ እሺ፣ ጎረቤት ወንፊት ተውሶ ሳይመልስ ሌላ ሲጠይቀኝ እሺ፣ ደረጀ ለበዓል አልመጣም ሲለኝ እሺ። የሚያቃጥለኝ በኋላ ነው፣ ዕቃ ሳጥብ። ለድስቱ ያልነገርኩት ብሶት አልነበረኝም።

ሐሙስ ዕለት ቢሮ እያለሁ ደረጀ ደወለ።

“እቴቴ እሁድ ትመጣለች” አለኝ። እናቱን “እቴቴ” ነው የሚላቸው፤ ታላቅ እህቱን እንጂ እናቱን የሚጠራ አይመስልም። የደጎሎ ቤተሰቦቹ ልማድ ይሆናል ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

“እሰየው፣ ይምጡ። በደህና ነው?”

“በደህና ነው። ህሊናን ይዛት ልትሄድ ነው።”

“ለስንት ቀን?”

“እዚያ ትደግ ብለን ነው። አንቺ ሥራ አለሽ፣ ልጅቷ ጎረቤት ነው የምትውለው። ወንድ የሌለበት ቤት… ይህን ያለችው እቴቴ ናት። ለሁላችንም ይሻላል።”

ምን እንዳልኩት ገምታችኋል። እሺ! ስልኩ ተዘጋ፣ እጄ ላይ የነበረው ፋይል ተበተነ፣ አፌ ግን እሺ ብሎ ጨርሷል። ወንድ የሌለበት ቤት! ወንዱ የት ሄደና ነው? ይህን ሁሉ ያልኩት ግን ለራሴ ነው።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ብልሃት ከተባለ። አማቴ ወይዘሮ ዘውዴ ቤቴን አይተውት አያውቁም። መጥተው ሲያዩ ግቢው የተጠረገ፣ ልጅቷ የጠገበች፣ ሌማቱ የተሞላ ቢሆን፣ አሥራ ሁለት ብልቱ ሳይጎድል በወግ የተሠራ ዶሮ ወጥ ቢቀርብላቸው፣ “ይህች ሴት ቤት ታውቃለች፤ ልጇ እሷው ጋ ትደግ” አይሉም? ይላሉ። እኔ ምንም መናገር አያስፈልገኝም፤ ዶሮው ይናገርልኛል ብዬ ወሰንኩ።

እሁድ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ሽንኩርቱን ከትፌ ከሰል ላይ ጣድኩ፣ ምክንያቱም መብራት እንደ ልማዱ የለም። እንቁላሉን ቀቀልኩ። አማቴ ቅዳሜ ከደጎሎ ተነስተው አቀስታ ዘመድ ቤት አድረዋል፤ በሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይገባሉ ተብሏል። ዶሮው በጊዜ ከታረደ ይበለታል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፣ ሁሉም ይደርሳል። የቀረኝ የሚያርድልኝ ሰው ብቻ ነው።

ጎረቤት ሄጄ በር መታሁ። ሰውዬው የሉም፤ ሚስታቸው “ቀብር ሄደዋል፣ ገጠር ነው፣ ማታ ነው የሚመለሱት” አለችኝ። ሁለተኛው ቤት ቀብር። ሦስተኛው ቤት ቀብር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሌሊቱን አርፈው የዕድሩ ወንድ በሙሉ ተነቃንቋል። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሟቹን አንድ ቀን እንኳ መቆየት አቅቷቸው ነው ብዬ ተቀየምኳቸው።

ስለዚህ እናቶቻችን ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ ቢላዬንና ዶሮዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ ያለፈው የማውቀው ሙስሊም ነጋዴ ነው። ሳልጠይቀው ገብቶት ሳቀ። “እኔ ካረድኩትማ ለእኔ ነው የሚሆነው፣ ምን ያደርግልሻል?” ብሎ አለፈ። ቀጥሎ ሱፍ ለብሶ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ መጣ። ወደ ሠርግ እየሄደ መሆኑን፣ ደም ቢረጨው ምን እንደሚሆን፣ ደግሞም ዶሮ አርዶ እንደማያውቅ በዝርዝር አስረዳኝ። እስኪጨርስ ድረስ ከኋላዬ ሽንኩርቱ ማረር ጀምሯል። ሮጬ ገብቼ ውሃ ጠብ አድርጌ አማስዬ ስመለስ አውራው ዶሮ እጄን ነቆረኝ። ሦስተኛው ሰው ስልክ እያወራ በእጁ ምልክት ቆይ አለኝና ኩርባውን ዞሮ ቀረ። አራት ሰዓት ሆነ።

ከዚያ ጋቢ የለበሰ፣ በትር የያዘ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ከታች በኩል ብቅ አለ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው “አበበ! እንዴት አደርክ!” ብሎ ሰላም አለው። አበበ! ልቤ እልል አለ።

“ወንድሜ፣ እባክህ፣ ይህችን ነገር ባርክልኝ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው” አልኩት።

“ምን ችግር አለ፤ ቢላው ስል ነው?” አለና ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

ዶሮውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ሰጠሁት። እሱ መልሶ ወደ ሰሜን አዞረው። ቢላው እንዲመቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ክንፉን በእግሩ ረገጠ፣ አንገቱን አቀና፣ “ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር” አለና ቆረጠው።

ጩኸቴን እትዬ ከዲጃ ከጓዳቸው ሰሙት።

“ምነው? ምን ሆንሽ?” አለ ሰውዬው ደንግጦ።

“ስምህ አበበ አይደለም እንዴ?”

“ነው። አበበ ሰይድ።”

“እና ሙስሊም ነህ?”

“አልሐምዱሊላህ! አንቺስ የከዲጃ ቤት ሰው አይደለሽም? ከግቢዋ ስትወጪ አይቼ እኮ ነው እሺ ያልኩሽ!”

ወሎ ተወልጄ፣ ወሎ አድጌ፣ ይህን መሳሳቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የእናቴ አጎት ሰይድ ይባላሉ፤ ልጃቸው ዲያቆን ነው። በእኛ አገር ስም ሃይማኖት እንደማይናገር እኔ ካላወቅኩ ማን ይወቀው? እሱ ግቢ አይቶ ገመተ፣ እኔ ስም ሰምቼ ገመትኩ፤ አንድ ጥያቄ የጠየቀ ግን የለም። ዶሮው በመሃላችን ሲንፈራገጥ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ህሊና ብቻ “ሞተ?” ብላ ጠየቀች፣ ደስ ብሏት።

እትዬ ከዲጃ ሲወጡ ነገሩን ባንድ አፍታ ተረዱት። መጀመሪያ ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ልጅቷ ልትወሰድ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሐሙስ ማታ ነግሬያቸው ከእኔ ብሰው ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ።

“አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ። ይኼን እኔ እወስደዋለሁ። ገብስማዋን ዶሮዬን ያዥ፤ ወላሂ ከእሱ ትሻላለች፣ ጮማ ናት።”

“እትዬ ከዲጃ፣ ዶሮ ቢሰጡኝ ማን ያርድልኛል?”

“አላህ ያመጣል።” ገብስማዋን ከጥላ ሥር አንስተው አስታቀፉኝ። አውራዬን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ አበበንም “ያረድከውንማ ሳትቀምስ አትሄድም” ብለው አስገቡት።

እንደገና በር ላይ ቆምኩ። ያው ቢላ፣ ሌላ ዶሮ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ተኩል ሆነ። አሁን ወንድ ሲያልፍ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሚሳለምበትን ደብር ሳይቀር መጠየቅ ጀምሬያለሁ፤ ሰው እየሸሸኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ከወጥ ቤት የማረር ሽታ መጣ። ሮጬ ስገባ ሁለት ጣይ ዶሮዎች የተቀቀለው እንቁላል ሳህን ላይ ቆመዋል፤ ቁሌቱ ከሥሩ ጠቁሯል። ከላይ ከላዩን ወደ ሌላ ድስት ገለበጥኩ። ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ በአጥሩ በኩል የዶሮ ወጥ ሽታ ደረሰኝ። የገዛ አውራዬ ነው! እትዬ ከዲጃ እጃቸው ፈጣን ነው፤ ቅመማቸው ያውዳል። ዕድሜ ልኬን ከሸተቱኝ ሽታዎች ሁሉ እንዲህ ያናደደኝ የለም።

ገብስማዋን አንስቼ ተመልሼ በሩ ጋ ስደርስ አንድ አይሱዙ አቧራውን እያቦነነ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ከጋቢናው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባዶ ትልቅ ዘንቢል ይዘው አማቴ ወረዱ። ሰዓቱ ገና ስድስት ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አቃታቸውና በጭነት መኪና መጡ።

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ፊቴ ጥላሸት፣ ቀሚሴ ሽንኩርት፣ እጄ ላይ ቢላና ዶሮ።

“በሰላም ነው?” አሉኝ።

“የሚያርድልኝ ወንድ አጥቼ ነው፣ እማማ። ሁሉም ቀብር ነው።”

አማቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ግቢው ተመለከቱና፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ አየሩን እንደሚናገር ሰው፣ “ይኸው እኮ ነው፤ ወንድ የሌለበት ቤት” አሉ።

ያን ጊዜ ውስጤ አንድ ነገር ተበጠሰ። ሐሙስ ያልተናገርኩት፣ አምስት ዓመት ለድስት የነገርኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። የሚገርመው አንቱታውን እንኳ አልረሳሁም።

“ወንዱን የት ወሰዱት፣ እማማ? የወለዱት እርስዎ አይደሉም? ያገባኝ እሱ አይደለም? ወንድ ከሌለ እሱን ጆሮውን ይዘው ያምጡልኝ! እኔ ምን አጠፋሁ? ጠዋት ዶሮ ጠርጌ፣ ቀን ፋይል ተሸክሜ፣ ማታ ልጄን አጥቤ የማስተኛ እኔ ነኝ! ዶሮ ላሳምርልዎት ብዬ ከሌሊት ጀምሮ በቁሜ ነኝ፣ አንዱ አላህ ብሎ አረደብኝ፣ ሽንኩርቴ አረረ! ይረር! ዶሮ የለም! ልጄንም አልሰጥም! ሰምተውኛል? አልሰጥም!”

“አልሰጥም” ስል ቢላውን ነቅንቄው ኖሯል፤ የአይሱዙው ሾፌር መስኮቱን ዘጋ። ገብስማዋ ከእጄ አምልጣ በአማቴ እግር ሥር አልፋ ወደ ግቢ ሮጠች። እትዬ ከዲጃና አበበ ከነማማሰያውና ከነበትሩ ወጥተው በር ላይ ደርቀዋል። አለቀልኝ፣ አሁን ጭራሽ “ባለጌም ናት” ብለው ልጄን ይዘው ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ።

አማቴ ዘንቢላቸውን በሩ ሥር አስቀመጡት።

“ቢላውን አስቀምጪና አስገቢኝ” አሉ። “ርቦኛል።”

ያረረው ቁሌት ውስጥ ዶሮ ያልነካቸውን እንቁላሎች ከትቼ አቀረብኩ። አማቴ ቀምሰው “አርሯል” አሉ። አውቃለሁ አልኳቸው። “ቅቤም ያንሰዋል” አሉ። ህሊና አጠገባቸው ተቀምጣ እንቁላሏን እየበላች የአውራውን ዶሮ አሟሟት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችላቸው። ከዚያ ሮጣ ወጣች። አማቴ እጃቸውን በሳህኑ ላይ እንዳደረጉ በሩን እያዩ ቆዩ።

“እኔም ሠርቼ ነበር” አሉ።

“ምኑን?”

“ዶሮ። የደረጀ አያት፣ የባሌ እናት፣ ሊወስዱት ሲመጡ። ሁለት ዓመቱ ነበር። ቤቴን አይተው ይተዉልኛል ብዬ፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይጎድል፣ አንድ ነገር ሳያርብኝ ሠራሁ። ‘እጅሽ ይባረክ’ አሉኝ። በሉ። እጃቸውን ታጠቡ። ልጄን አዝለው ሄዱ። እኔም ስንቅ ቋጥሬ እስከ ወንዙ ሸኘሁ።”

“ምንም አላሉም?”

“እሺ አልኩ እንጂ! ምን እላለሁ?” ድምፃቸው ተቆጣ፤ በእኔ ይሁን በራሳቸው አልለየሁም። “ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ሲመለስ እማዬ የሚለው እሳቸውን ነው። ለእኔ የተረፈኝ እቴቴ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ እቴቴ ነኝ።”

ስንት ዓመት ያን ስም ስሰማ ኖሬ ጠይቄ አለማወቄ አሳፈረኝ። ግን ንዴቴም አልበረደም።

“ታዲያ እያወቁት፣ እማማ፣ ለምን ሊወስዱብኝ መጡ?”

አማቴ እንጀራውን ቆርሰው ሳይጎርሱት ያዙት።

“አንድ ልጅ እንኳ እማዬ ብሎ ይጥራኝ ብዬ” አሉ።

ያረረውን ወጥ ጨመርኩላቸው፤ በሉት። ሲጨርሱ የህሊና ልብስ የታሰረበትን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ራሳቸው ስበው አወጡ፤ ሐሙስ እያለቀስኩ አስሬው ነበር። ፈቱና አንድ በአንድ እያጠፉ ወደ መደርደሪያው መለሱት። አስተጣጠፌ ልክ እንዳልሆነም ነገሩኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ በሰላም አለቀ ብል ደስ ባለኝ። አማቴ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ዶሮ ቤቴ ቦታው ትክክል አይደለም አሉ፣ በርበሬዬ ደቀቅ አላለም አሉ፣ ከእትዬ ከዲጃ ጋር ተወዳጅተው ሁለቱ አንድ ላይ ይተቹኝ ጀመር። እንቁላል ለማሳቀፍ የእኔን ጭድ ደፍተው የራሳቸውን አነጠፉ። ደረጀ ሲደውል “ልጅቷ የትም አትሄድም፤ ሂድ የሚባለው አንተ ነህ፣ ወደ ቤትህ” ብለው ዘጉበት። እኔም እማዬ ብለህ ጥራቸው ብዬው ነበር። ሞከረ መሰለኝ፤ “እ…” አለና “እቴቴ” ብሎ ጨረሰው። እንደዚያ ቀን ተናድጄበት አላውቅም። ምላሱ ላይ ግን አልፈረድኩም፤ ሰባት ዓመት የተወሰደ ቃል በስልክ አይመለስም።

እኔን የለወጠኝን ነገር አንባቢዎቼ ሳትረዱት አልቀራችሁም፤ ቢሆንም ልበለው። ያን ቀን ያ አበበ የተባለ ሰው ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ፣ ዶሮዬ በወግ ይታረድ፣ በወግ ይበለት፣ በወግ ይቀርብ ነበር። አማቴም በልተው “እጅሽ ይባረክ” ይሉኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ልጄን እሸኝ ነበር። ያዳነኝ መጥፎ ምሳ ነው። ስለዚህ እናንተ አንድ ነገር ፈርታችሁ ቤት የምታሳምሩ፣ ድስት የምትጥዱ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ እጃችሁ እንዲናገርላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፤ ዶሮው በኋላ ይደርሳል። ዶሮ አይናገርም።

ገብስማዋ እስካሁን አልታረደችም። እትዬ ከዲጃ “የሰጠሁትን አልቀበልም” ብለው ትተውልኛል፤ አርጅታ እንቁላል ከተወች ሰነበተች፣ ግርዴን ትፈጃለች። ህሊና ደግሞ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ከግቢው ትጮሃለች፤ “እማዬ! ገብስማዋ ወጥ ቤት ገባች! እማዬ! ጭልፊት መጣ! እማዬ! እማዬ!” በቀን መቶ ጊዜ ትጠራኛለች፤ አንዳንዴ ሽንኩርት እየከተፍኩ ይሰለቸኛል፣ ያንገሸግሸኛል። “አቤት” ሳልላት የቀረሁበት አንድም ጊዜ ግን የለም።